580 ወይስ 1060? ርካሹ ካርድ አሰላ ሲደርስ ስንት ያወጣል



ዛሬ የስንዴም የቢራ ገብስም ዋጋ የለም፤ እሱን ሰኞ እንመለስበታለን። ዛሬ የያዝኩት ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ ነው። ጥያቄው አጭር ነው፦ አርኤክስ 580 ይሻላል ወይስ ጂቲኤክስ 1060?

«ይሄ ደግሞ ከእህል ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። ያገናኘዋል። ሁለቱም ያረጁ ካርዶች ናቸው፤ የአምራች የዋጋ ዝርዝር አያስራቸውም፣ ዋጋቸውን የሚቆርጠው ገበያ ብቻ ነው። በደረጃ ይለያያሉ፤ ዝቅ ያለው ደረጃ ከፍ ባለው ስም ይሸጣል። ዶላር ሲንቀሳቀስ አብረው ይንቀሳቀሳሉ። መሃል ላይ ደላላ አለ። ሸቀጥ ማለት ሌላ ምንድን ነው?

ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣው በእህቴ ልጅ ነው። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ አሰላ ላይ ሦስት ኮምፒውተር ያለው ጌም ቤት ሊከፍት አስቧል። ጆተኒና ፑል ሞልቷል፣ ፕሌይስቴሽንም አለ፤ እነሱ ግን በኮምፒውተር ነው የፈለጉት። ገንዘቡ ከየት መጣ ብትሉ፣ ከግማሽ የሚበልጠው አባቱ የሸጠው የቢራ ገብስ ነው። አባቱ ገብሱን ወደ ማሽንነት ሲቀይር ያየው የመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ እንቅልፍ አጥቷል። እና ልጁ «አጎቴ፣ አንተ የዋጋ ሰው አይደለህ? ቁጭ ብለን እናስላው» አለኝ። አሰላነው። ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ እነሆ።

ሁለቱን እንተዋወቃቸው

ጂቲኤክስ 1060 የኤንቪዲያ ነው። ገበያ ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2016 ሲሆን የ6 ጊጋባይቱ መነሻ ዋጋ 249 ዶላር ነበር። 1,280 ኮር አለው። የሚጠቀመው ኃይል 120 ዋት ነው፤ በፋብሪካ ዲዛይኑ አንድ ባለ 6 ፒን የኃይል ገመድ ይበቃዋል።

አርኤክስ 580 የኤኤምዲ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2017 ወጣ፤ የ8 ጊጋባይቱ መነሻ 229 ዶላር ነበር። ኮሩ 2,304 ነው (የሁለቱ ኩባንያዎች ኮር አሠራሩ ስለሚለያይ ቁጥሩን እርስ በርስ አታወዳድሩት)። የሚጠቀመው ኃይል 185 ዋት ነው፤ ባለ 8 ፒን ገመድ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ሞዴል ተጨማሪ 6 ፒንም ይጠይቃል።

በፍጥነት ጎረቤት ናቸው። በ1080 ፒ ስክሪን ላይ የድሮ ጌሞች፣ በተለይ ፕሮሰሰሩ ደከም ካለ፣ ወደ 1060 ያደላሉ። በዳይሬክትኤክስ 12 እና በቩልካን የተሠሩት አዳዲሶቹ ደግሞ ወደ 580 ያደላሉ። የ580ው ትልቁ ብልጫ 8 ጊጋባይቱ ነው። የአዲስ ጌም ምስል ጥራት ከፍ ሲል 6 ጊጋባይት ቶሎ ይሞላል።

ልጆቹ የሚጫወቱት ምንድን ነው? ኳስ፣ ጂቲኤ 5፣ ካውንተር ስትራይክ። ጂቲኤ 5 ሲወጣ ይመከርለት የነበረው ካርድ ጂቲኤክስ 660 ባለ 2 ጊጋባይት ነበር። የኤፍሲ 24 ዝቅተኛ መስፈርት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ወይም አርኤክስ 570 ነው። ሁለቱም ካርዶቻችን ከዚህ በላይ ናቸው። ስለዚህ ለዚህ ሥራ «የትኛው ይፈጥናል?» የሚለው ጥያቄ ያን ያህል ብር አያተርፍም። ብሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው።

580 ለምን ረከሰ?

ገበያ ላይ ብዙ ጊዜ 580 ከ1060 ባለ 6 ጊጋባይት ረከስ ብሎ ይቀርባል። በመነሻ ዋጋቸው ተቀራራቢ የነበሩ፣ 580ው እንዲያውም በዘጠኝ ወር ገደማ የሚያንስና 2 ጊጋባይት የሚበልጥ ካርድ ነው። ታዲያ ለምን?

አንዱ መልስ አቅርቦት ነው። ኢትሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ይመረት ነበር። ከ2020 መጨረሻ በኋላ 4 ጊጋባይት ያላቸው ካርዶች ለሥራው ስላልበቁ 8 ጊጋባይቱ 580 የአምራቾቹ ተወዳጅ ሆነ። ከዚያ እ.ኤ.አ. መስከረም 15 ቀን 2022 (በእኛ መስከረም 5 ቀን 2015) ኢትሪየም አሠራሩን ቀየረና የካርዶቹ ሥራ በአንድ ቀን አበቃ። በየመጋዘኑ ሌት ተቀን ሲነዱ የነበሩ ካርዶች ወደ ገበያ ጎረፉ። ምርት ሲትረፈረፍ ዋጋ እንደሚወድቅ ለእናንተ አላስረዳም፤ በኅዳርና በታኅሣሥ እያያችሁት ነው።

በማይኒንግ የሠራ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። ግን ደጋፊው አየር ማራገቢያ ተዳክሞ፣ የቺፑ ማቀዝቀዣ ቅባት ደርቆ፣ ባዮሱ ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። 1060ም ማይኒንግ ላይ ውሏል፤ 580 ግን ይብሳል። ገበያው ይሄን አደጋ ዋጋው ውስጥ አስገብቶታል። ርካሽነቱ ስጦታ አይደለም፣ የአደጋ ቅናሽ ነው።

ዶላሩስ?

«ያረጀ ዕቃ ለምን አይረክስም?» ብላችሁ ለምትጠይቁ አንድ ስሌት ልስጣችሁ። 580 ሲወጣ ዶላር በባንክ 23 ብር ገደማ ነበር። 229 ዶላር ማለት ያኔ 5,267 ብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። አሁን ካርዱ በዶላር ሦስት አራተኛ ዋጋውን አጣ እንበል፤ 57 ዶላር ቀረ። ለስሌት ዶላሩን 150 ብር ብንይዘው 8,550 ብር ነው። ማጓጓዣና የነጋዴ ትርፍ ገና አልገባም።

በዶላር የሞተ ዕቃ በብር ከአዲስነቱ ዋጋ በልጦ ቆመ። ሻጩ ዘረፈን ከማለታችን በፊት ይሄን እናስብ።

ስሙ አንድ፣ ደረጃው ሁለት

አሁን ወደ ዋናው እንግባ። ብቅል ፋብሪካ ገብስ ሲረከብ ኩንታሉን ብቻ አይመዝንም፤ እርጥበቱን፣ ፕሮቲኑንና የመብቀል አቅሙን ያያል። ሜዳው አንድ፣ ዘሩ አንድ ሆኖ አንዱ ለቢራ፣ ሌላው ለቆሎ ይሄዳል። ካርድም እንዲሁ ነው።

«580» ተብሎ የሚሸጠው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ 2,304 ኮር ያለው ነው። ሌላው እ.ኤ.አ. በ2018 ለቻይና ገበያ የወጣው 2048 ኤስፒ የሚባለው ነው፤ 2,048 ኮር ብቻ አለው፣ በሥራው አርኤክስ 570 ነው። የተጭበረበረ ዕቃ አይደለም፤ ዝቅ ያለ ደረጃ ነው። ግን በሙሉው 580 ዋጋ መሸጥ የለበትም።

«1060»ም ሁለት ነው። ባለ 6 ጊጋባይቱ 1,280 ኮር፣ ባለ 3 ጊጋባይቱ 1,152 ኮር አለው። ልዩነቱ የሜሞሪ ብቻ መስሏችሁ አትሸወዱ፤ ኮሩም ያንሳል። 3 ጊጋባይት ደግሞ ለዛሬ ጌም ከወዲሁ ጠቧል።

ከልጁ ጋር መርካቶ ወርደን ነበር። ልጅ እግር ሻጭ ነው፣ ትሁት ነው። ካርዱን በስፖንጅ ጠቅልሎ አወጣና «ጋሼ፣ ንጹህ ስላሽ ነው፣ 8 ጂቢ ነው እኮ!» አለኝ። የእህቴ ልጅ «ጂፒዩ-ዚን ክፈትልኝ» አለው። ከፈተው፦ 2,048። ሻጩ ራሱ ስክሪኑን ትክ ብሎ አየና «እኔም በ580 ነው የተረከብኩት» አለ። አመንኩት። እህል ላይም እንዲሁ ነው፤ አፈር የቀላቀለው ሰውዬ ሁልጊዜ የመጨረሻው ሻጭ አይደለም። ዋጋ ሊቀንስልን ፈልጎ ነበር፤ ልጁ ግን አመስግኖ ወጣ። ሦስቱ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ካልሆኑ ደንበኛ ሁሉ አንዷ ላይ ይሰለፋል አለኝ። ልጁ ነጋዴ ሊሆን ነው መሰለኝ።

አሰላ ሲደርስ

አዲስ አበባ ላይ የተነገራችሁ ዋጋ የካርዱ ዋጋ ነው። አሰላ ላይ የምትከፍሉት ደግሞ ካርዱ የሚሠራበት ዋጋ ነው። ልዩነቱን የሚያመጡት አራት ነገሮች ናቸው።

አንደኛ፣ ፓወር ሰፕላይ። በየሱቁ ርካሽ ሆኖ የሚገኘው ኮምፒውተር ከውጭ ቢሮ ተወግዶ የመጣ ዴል ወይም ኤችፒ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020ን እንውሰድ። ትልቁ ታወር ፓወር ሰፕላዩ 290 ዋት ነው፤ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ገመድም የለውም። ልቀይረው ስትሉ ማዘርቦርዱ የተለመደውን 24 ፒን አይቀበልም፤ የራሱ 8 ፒን ስለሆነ መቀየሪያ ገመድ ይፈልጋል። ኤንቪዲያ ለ1060 የሚመክረው 400 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ኤኤምዲ ለ580 የሚመክረው 500 ዋት። ይሄ ልዩነት ከኪሳችሁ ይወጣል።

«ከሃርድ ዲስክ ገመድ ወደ 6 ፒን የሚቀይር ኬብል አለ» ይሏችኋል። አለ። ግን የሳታ ገመድ በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 54 ዋት ነው፤ 6 ፒን የሚጠይቀው እስከ 75 ዋት። ገመዱ ይቀልጣል። የገብስ ብር በ1 ገመድ አይቃጠልም፣ ተዉት።

ሁለተኛ፣ መብራት። ሙሉ ጭነት ላይ 580 ከ1060 በ65 ዋት ይበልጣል። ዩፒኤስ ላይ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በዩፒኤሱ ላይ የተጻፈው ቪኤ ነው፣ ዋቱ ከዚያ ያንሳል። ትንሽ ዩፒኤስ 1060 ያለውን ማሽን አስቀምጦ ለማጥፋት ጊዜ ሲሰጣችሁ፣ 580 ያለውን ጩኸት አሰምቶ ወዲያው ሊጥለው ይችላል። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ከተማ ይሄ የቀን ተቀን ጉዳይ ነው።

ሦስተኛ፣ አየሩ። «አሰላ ብርድ ነው፣ ካርድ አይግልም» ሲባል ሰምታችኋል። ብርዱ እውነት ነው፣ ይረዳል። ግን ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ማራገቢያው ያው ዙር ዞሮ የሚገፋው አየር ያንሳል። ብርዱ የሰጠውን ስስነቱ ይቀንሳል። በዚያ ላይ የበጋውን አቧራ ጨምሩበት። 185 ዋት የሚያሞቀው ካርድ ከ120ው ይልቅ ይሄ ይሰማዋል።

አራተኛ፣ መንገዱ። ከአዲስ አበባ አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ካርዱ ከሦስት ቀን በኋላ ቢበላሽ ለመመለስ አንድ ቀንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ይጠይቃል። አዲስ አበባ ላለ ሰው «የሳምንት ዋስትና» እውነተኛ ዋስትና ነው፤ ለአሰላ ሰው ግማሹ ነው። ስለዚህ አደጋው ከፍ ያለው ካርድ ለኛ ከነሱ ይልቅ ይወደዳል።

ስሌቱ

የሚከተሉት ቁጥሮች የገበያ ዋጋ አይደሉም፣ ማሳያ ናቸው። እናንተ ዛሬ የተነገራችሁን ዋጋ ተኩበት።

580 በ11,000 ብር፣ 1060 ባለ 6 ጊጋባይት በ13,000 ብር ቀረበላችሁ እንበል። ልዩነቱ 2,000 ብር ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይሄን 2,000 ብር 1060ው ይመልሰዋል?

▪️ ጌም ቤት ከሆነ፦ የ500 ዋቱ ፓወር ሰፕላይ ከ400ው በ1,500 ብር ይበልጣል እንበል። መብራቱ፦ 65 ዋት በቀን 10 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ሲሠራ 16.9 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በዓመት 203 ገደማ። አንዱን በ4 ብር ብንይዘው 812 ብር። ድምሩ 2,312 ብር። 1060ው ልዩነቱን በመጀመሪያው ዓመት መለሰ። በሦስት ማሽን ስታባዙት ደግሞ 936 ብር ተረፋችሁ፣ የመመለሻ መንገዱ ሳይቆጠር።

▪️ ለቤት ከሆነና ደህና ፓወር ሰፕላይ ካላችሁ፦ የፓወር ሰፕላዩ ልዩነት ዜሮ ነው። በቀን 3 ሰዓት ብትጫወቱ ተጨማሪው መብራት በዓመት 70 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ፣ 280 ብር ነው። ልዩነቱን ለመመለስ ከ7 ዓመት በላይ ይፈጃል። 580ን ግዙ።

ያው ካርድ፣ ያው ዋጋ፣ መልሱ ግን ተገለበጠ። ለዚህ ነው «የትኛው ይሻላል?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን የማይበቃው። መጀመሪያ ካርዱ የሚገባበትን ሣጥን ክፈቱና እዩ። ለ1060 የምትጨምሩት ብር በሣጥኑና በመብራቱ ላይ ከሚያተርፍላችሁ መብለጥ የለበትም። ልዩነቱ 4,000 ከሆነ ለጌም ቤትም አያዋጣም፤ 1,000 ከሆነ አታመንቱ።

ዕድሜያቸው

ሁለቱም ሽማግሌ ናቸው፣ መታለል የለም። ኤንቪዲያ ለ1060 ትውልድ መደበኛ የጌም ድራይቨር ማውጣቱን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 አቁሟል፤ የደህንነት ማስተካከያ እስከ ጥቅምት 2028 እሰጣለሁ ብሏል። ኤኤምዲም የ580ን ትውልድ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ከዋናው ለይቶ አስፈላጊ ማስተካከያ ብቻ ወደሚያገኝ መስመር አውርዶታል።

ሬይ ትሬሲንግን በሃርድዌር ካልሠራ አልነሳም የሚል ጌም፣ ለምሳሌ በ2024 መጨረሻ የወጣው አዲሱ ኢንዲያና ጆንስ፣ ለሁለቱም አይደለም። መልካሙ ነገር የኤኤምዲ ኤፍኤስአር የሚባለው ፍሬም መጨመሪያ ዘዴ በሁለቱም ላይ መሥራቱ ነው። ስለዚህ ካርዱን እንደ መሬት ሳይሆን እንደ በሬ ቁጠሩት፤ ሁለት ሦስት ክረምት ያርሳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዋጋውን ካልመለሰ አትግዙት።

ፍርዴ

▪️ ለጌም ቤት፣ ወይም ፓወር ሰፕላይ ገና ለምትገዙ፦ 1060 ባለ 6 ጊጋባይት፣ ልዩነቱ ከላይ ባለው ስሌት ውስጥ እስከሆነ ድረስ።
▪️ ለቤት፣ 500 ዋት ደህና ፓወር ሰፕላይና 8 ፒን ገመድ ላላችሁ፦ 580 ባለ 8 ጊጋባይት፣ ኮሩ 2,304 መሆኑ ታይቶ።
▪️ ቀጭን የቢሮ ኮምፒውተር ላላችሁ፦ ሁለቱንም ተዉት። ተጨማሪ ገመድ የማይፈልግ፣ 75 ዋት የሆነ፣ ቁመቱ ያጠረ 1050 ቲአይ ወይም 1650 ፈልጉ።
▪️ 1060 ባለ 3 ጊጋባይት፦ በጣም ካልረከሰ በቀር እለፉት።

ከመክፈላችሁ በፊት

ገንዘብ በስልክ ልካችሁ «በመኪና ጫንልኝ» አትበሉ። የሚያውቅ ሰው እዚያ ካላችሁ እሱ ይየው። ሱቁ ውስጥ ሆናችሁ፦

1. ጂፒዩ-ዚ ይከፈት። ኮሩን (2,304 ወይም 1,280) እና ሜሞሪውን እዩ። ሐሰተኛ ባዮስ የተጫነበትን ብዙ ጊዜ ራሱ ያጋልጣል።
2. ፈርማርክ ወይም ከባድ ጌም 15 ደቂቃ ይሂድ። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ፣ ሰንጥቅ፣ መጥፋት ካለ ተሰናበቱ።
3. ሁሉም ማራገቢያ ይዙር፣ ድምፁን ስሙ። የሚንገጫገጭ ከሆነ የጥገናውን አስቀንሱ።
4. ብሎኖቹን እዩ። የተፋቀ ብሎን የተከፈተ ካርድ ነው፤ ማን እንደከፈተውና ለምን እንደሆነ ጠይቁ።
5. ፓወር ሰፕላይ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ ያለውን ዋት አትመኑ። ጎኑ ላይ የ12 ቮልቱን አምፔር በ12 አባዙ፤ 30 አምፔር ማለት 360 ዋት ነው።

የእህቴ ልጅ ነገሩን ጨርሶ አልወሰነም። ሦስት አንድ ዓይነት 1060 ባለ 6 ጊጋባይት እየፈለገ ነው፤ ልዩነቱ ከስሌቱ ካለፈ ደግሞ በሁለት ማሽን ጀምሮ ሦስተኛውን በሚቀጥለው ምርት ይጨምራል። አባቱ ይሄን ሲሰማ «ዘርም እኮ ሁሉንም አንድ ቀን አትዘራም» አለው። ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም።

በየከተማችሁ የተነገራችሁን ዋጋ፣ ከነኮሩ ቁጥርና ከነከተማው ስም፣ በውስጥ መስመር ላኩልኝ። ሲጠራቀም እንደ ስንዴው ሠንጠረዥ አድርጌ እለጥፈዋለሁ። ሊገዛ ላሰበ ሰው ሼር አድርጉለት።

ሰኞ ወደ ቢራ ገብሱ እንመለሳለን። ሰላም ዋሉ።